ኢኮኖሚክስ ሊማር ሄዶ ፊልም ይዞ የመጣው ሰው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቴን ይላል፣ ግን ቡና ሲፈላ ከማንም ቀድሞ ይነሳል፤ ስለዚህ ብዙም አታስቢ። ባለፈው ስልክ ላይ ስለ አንድ ህንዳዊ ላወራሽ ጀምሬ መስመሩ ተቆረጠ፣ ከዚያ ደግሞ አንቺ ሥራ ገባሽ። በቴሌግራም ድምፅ ልልክልሽ አሰብኩና ተውኩት። የእኔን ድምፅ አፍጥነሽ እንደምትሰሚው አውቃለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ የተነሳው "እማዬ፣ ስቱዲዮ የለ፣ ብር የለ፣ በአማርኛ ለሚሠራ ፊልም እዚህ ማን ዞር ብሎ ያየኛል" ያልሽ ጊዜ ነው። እውነትሽን ነው፣ ማንም ላያይሽ ይችላል። ግን ጭራሽ ምንም ባልነበረበት ቦታ ፊልም የሠራ ሰው አለ። ጆቲ ፕራሳድ አጋርዋላ ይባላል። የአሳም ሰው ነው። በአሳምኛ የመጀመሪያውን ፊልም የሠራው እሱ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም የቲያትር ጸሐፊ ነበር፣ ገጣሚ ነበር፣ ዜማ ደራሲ ነበር፣ የሻይ እርሻ ያስተዳድር ነበር፣ ታስሮም ያውቃል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትደናገሪ።

ህንድ ስልሽ ቦሊውድ ትዝ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ለእኛም እንደዚያው ነበር። ሲኒማ ቤት ገብተን ሦስት ሰዓት ሙሉ አልቅሰን፣ ዘፈኑን ትርጉሙን ሳናውቅ እያንጎራጎርን እንወጣ ነበር። ህንድ ውስጥ ሂንዲ የማይናገር ሕዝብ መኖሩን እንኳ የሚነግረን አልነበረም። አሳም የምትባል አገር መኖሯን የሰማሁት በሻይ ነው፤ ፊልሟን ያወቅኩት ጡረታ ወጥቼ ማንበብ ስጀምር ነው።

አሳም ከህንድ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ናት። ካርታ ላይ ብታያት ከዋናው ህንድ ጋር የምትገናኘው በቀጭን መሬት ነው። ብራህማፑትራ የሚባለው ትልቅ ወንዝ መሐል ለመሐል አቋርጧት ያልፋል። እንግሊዞች ሻይ ተከሉባት፣ ቋንቋዋን ደግሞ አፈኑት። ከ1836 እስከ 1873 ፍርድ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ሥራውን የሚያካሂደው በቤንጋልኛ ነበር። አስቢው፣ ገበሬው ፍርድ ቤት ቆሞ የራሱን ክርክር በሰው ቋንቋ ሲሰማ። ጆቲ ፕራሳድ የተወለደው በ1903 ነው፤ ቋንቋው ከዚያ ነገር ከወጣ 30 ዓመት ቢሆነው ነው። ቲያትር በአሳምኛ ይሠራ ነበር፣ ግን መድረኩ ላይ የሚሰማው ዜማ አብዛኛው የቤንጋል ወይም የሂንዱስታን ነበር።

ደግሞ የሚገርምሽ፣ የሰውየው ቤተሰብ ከሥሩ አሳማዊ አይደለም። ቅድመ አያቱ በ1811 ከራጃስታን፣ ከህንድ ሌላኛው ጫፍ፣ ለንግድ የመጣ ሰው ነው። እዚያው ኖረ፣ እዚያው አገባ፣ ወለደ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ቋንቋውን የራሳቸው አደረጉት። የጆቲ ፕራሳድ አጎት ቻንድራ ኩማር አጋርዋላ ዛሬም በአሳምኛ ሥነ ጽሑፍ ስሙ የሚጠራ ገጣሚ ነው። ጆቲ ፕራሳድ ራሱ ታሙልባሪ በሚባል የሻይ እርሻ ውስጥ ተወለደና ቤተሰቡ በሚኖርበት በቴዝፑር ከተማ አደገ። እና "የእኛ ዜማ የታለ?" ብሎ የጠየቀው ይህ ልጅ ነው።

የመጀመሪያ ቲያትሩን የጻፈው በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ እያለ ነው። ሶኒት ኮንዋሪ ይባላል። በጥንት ተረት ላይ የተመሠረተ ነው። አንዲት ልዕልት በሕልሟ ያየችው ወጣት ልቧን ይወስደዋል፤ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ጓደኛዋ ሥዕል አዋቂ ናት። ያገሩን ጎበዝ ሁሉ መልክ እየሳለች ታሳያታለች፣ "ይሄ ነው? ይሄ ነው?" እያለች፣ ልዕልቷ "እሱ ነው!" እስክትል ድረስ። አታምርም? ጆቲ ፕራሳድ ለዚህ ቲያትር ዜማውን ከሠርግ ዘፈን፣ ከቢሁ በዓል ዘፈን፣ ከመንፈሳዊው ዜማ ወሰደ። በኋላ አውሮፓ ሲያይ ደግሞ የእነሱን ሙዚቃ ጨመረበት። ሰው ሁሉ "ባህል ይበረዛል" ሲል እሱ ከሁለቱም ወሰደና አንድ አዲስ ነገር አደረገው። ዛሬ የእሱ ዘፈኖች፣ ወደ 300 ይጠጋሉ፣ አሳም ውስጥ በእሱ ስም የሚጠሩ ራሳቸውን የቻሉ የሙዚቃ ዓይነት ናቸው።

አሁን አንቺን ወደሚመለከተው ልምጣ። በ1926 ቤተሰቦቹ ኤዲንብራ ላኩት። ምን ሊማር? ኢኮኖሚክስ! እንዳትስቂ። እኔና አባትሽም ምን እንድትማሪ እንደላክንሽ ታውቂዋለሽ። በ1930 ዲግሪውን ሳይጨርስ ተመለሰ። ሲመለስ ግን ቀጥታ አልመጣም፤ ጀርመን ጎራ አለና ኡፋ የሚባለው ትልቁ የፊልም ኩባንያ ውስጥ ገብቶ ለወራት ፊልም አሠራር ተማረ። የኡፋ ዋና ስቱዲዮ እኮ ባቤልስበርግ ነው። አንቺ ከበርሊን በባቡር ሽው ብለሽ የምትደርሺበት። ጊዜውን ደግሞ ልብ በይ። ድምፅ ያለው ፊልም ገና መምጣቱ ነው። አውሮፓ ያለው ባለሙያ ሁሉ ማይክሮፎኑን የት እንደሚደብቀው ግራ ገብቶት የሚሯሯጥበት ሰዓት ነው። ይህ ልጅ እዚያ መሐል ቆሞ አየ፣ ያየውን ይዞ አገሩ ገባ።

አገሩ ሲገባ ወዲያው ካሜራ አላነሳም። የጋንዲ ንቅናቄ ላይ ነበር የደረሰው። ገባበት፣ በ1932 ታሰረ፣ 15 ወር ተፈረደበት። ከዚያ ሲወጣ ነው ፊልሙን የያዘው። የአባትሽ እናት ነፍሷን ይማርና "እሳት ያልነካው ሸክላ ውኃ አይዝም" ትል የነበረው ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ይመስለኛል።

ስቱዲዮ የለም ነው ያልሽኝ? ቦላጉሪ የሚባል የሻይ እርሻ ነበራቸው። እዚያ ቺትራባን ብሎ ስም አወጣለትና ስቱዲዮ ሠራ። ስቱዲዮ ስልሽ ጣሪያ ያለው እንዳይመስልሽ። ሜዳ ላይ ነው። ወለሉን አበጁ፣ ዙሪያውን በቀርከሃና በሙዝ ግንድ አጠሩት፣ ብርሃኑ የፀሐይ ነው። አሳም ደግሞ ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ ብታዪ! ዳመና ሲመጣ ሥራ ይቆማል፣ ሲገልጥ ይቀጥላል። አንቺ መብራት ኪራይ ተወደደ ስትዪ ይሄን አስታወስኩ። ልብሱን፣ ጌጡን፣ ዕቃውን ሁሉ በየመንደሩ እየዞሩ ሰብስበው ቤት ሙሉ አከማቹ። የሚሠራው የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ ስለነበር የዘመኑን ዕቃ ካላገኘ አይረካም ነበር። የተዋናይ ልብስ ከካልካታ ተከራይቶ ማምጣት ይችል ነበር እኮ፤ ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነበር።

የፊልሙ ስም ጆይሞቲ ነው። ታሪኩ የእውነት ነው፣ በላክሽሚናት ቤዝባሩዋ ቲያትር ላይ ተመሥርቶ የተሠራ። በዚያ ዘመን አሳምን የሚገዙት አሆም የሚባሉ ነገሥታት ነበሩ። አንድ ደካማ ልጅ ዙፋን ላይ ተቀመጠና ከጀርባው ያለው ሹም እንደፈለገ ያሽከረክረው ጀመር። አካሉ የጎደለ ልዑል መንገሥ አይችልም የሚል ልማድ ነበራቸው። ስለዚህ ተቀናቃኝ ይሆናሉ የተባሉትን መሳፍንት እያደኑ አካላቸውን ማጉደል ሆነ ሥራው። ጋዳፓኒ የሚባለው ልዑል አመለጠና ወደ ናጋ ተራሮች ሸሸ። ሚስቱን ጆይሞቲን ያዟት። "ባልሽ የት ነው?" አሏት። አልተናገረችም። ሜዳ ላይ አስረው በሕዝብ ፊት ለቀናት ገረፏት፣ አሰቃዩዋት። አልተናገረችም። እዚያው ሞተች። ባሏ ከዚያ በኋላ በ1681 ነገሠ፤ ልጇም ሲነግሥ በስሟ ሰፊ ሐይቅ አስቆፈረላት። ዛሬም አለ።

እንግዲህ ከእስር የወጣ ሰው፣ በእንግሊዝ ዘመን፣ ሥልጣን ያለው ሲገርፋት ዝም ብላ የምታሸንፍ ሴት ታሪክ መረጠ። ዝም ብሎ የድሮ ታሪክ ፈልጎ ነው ብለሽ ታምኛለሽ? እኔ አላምንም።

ተዋናይ ፍለጋው ራሱ ፊልም ይወጣዋል። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ታሪኩን ዘርዝሮ፣ ገጸ ባሕርያቱ ምን ዓይነት መልክና አኳኋን እንዳላቸው ገልጾ፣ ክፍያም እንዳለው ጽፎ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረው፦ የሚመጡት ከ"ጨዋ ቤተሰብ" መሆን አለባቸው። በዚያ ዘመን ህንድ ውስጥ ካሜራ ፊት የሚቆሙት ሴቶች ብዙዎቹ ከሴተኛ አዳሪ ሰፈር የመጡ ስለነበሩ ሕዝቡ ፊልምን የሚያይበት ዓይን ጥሩ አልነበረም፤ እሱም ይሄን ሊሰብር ፈለገ። አሳም ውስጥ ደግሞ መድረክ ላይ የሴትን ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነበር። እኛም አገር ቲያትር ሲጀመር እንደዚያው እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ሚስት ሆኖ የሚወጣው ጢሙን ተላጭቶ ነጠላ የለበሰ ጎረምሳ ነበር። አዝማሪ እየተባለ የሚሰደበውንማ ተይው።

ታዲያ "ጨዋ ቤተሰብ" ልጁን ይሰጣል? አይሰጥም። በመጨረሻ የተገኘችው አይዴው ሃንዲክ የምትባል የጎላጋት አካባቢ የገጠር ልጅ ናት። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ። ሲኒማ ምን እንደሆነ አታውቅም። እንደሚነገረው ዘመዷ ነው "ነይ መርከብ ላሳይሽ" ብሎ ከቤት ያወጣት። ቦላጉሪ ስትደርስ መርከብ የለም፣ ካሜራ ነው ያለው። ይቺን ልጅ አትርሻት፤ እመለስባታለሁ።

ቀረጻው በ1933 ተጀምሮ ብዙ ጊዜ ወሰደ። አልቆ ፊልሙን ለማሰናዳት ላሆር ወሰዱት፣ አሁን ፓኪስታን ውስጥ ያለችው ማለት ነው። እዚያ ፊልሙን ሲያዩት ግማሽ ያህሉ ድምፅ የለውም! ወይ አልተቀረጸም፣ ወይ ተበላሽቷል። እንግዲህ ምን ይደረግ? ተዋናዮቹ አሳም ናቸው፣ ላሆር ደግሞ በሌላኛው የህንድ ጫፍ ነው። ሁሉም ወደየመንደሩ ተበትኗል፣ ብሩም አልቋል። የድምፅ ስቱዲዮ ተከራየና ብቻውን ገባ። የወንዱንም የሴቷንም፣ የሽማግሌውንም የንጉሡንም ድምፅ ራሱ አስገባው። በአንድ ቀን 6 ሺህ ጫማ የሚሆን ፊልም ድምፅ እንደሰጠ ይነገራል። ዓይንሽን ጨፍነሽ አስቢው፤ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ መጀመሪያ እንደ ጨካኝ ሹም ይጮኻል፣ ቀጥሎ ደግሞ እንደ ልዕልት ያለቅሳል። እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሆዴን ይበላኛል።

ማርች 10 ቀን 1935 ካልካታ ውስጥ ታየ። መርቀው የከፈቱት ያ የቲያትሩ ደራሲ ቤዝባሩዋ ናቸው፤ ሽማግሌ ሆነው። ከአሥር ቀን በኋላ የአሳም ከተማ ጉዋሃቲ ላይ ታየ። የመጀመሪያው የአሳምኛ ፊልም አሳም ሳይሆን መጀመሪያ ሰው አገር መታየቱ ራሱ የሚነግርሽ ነገር አለ። አሳም ውስጥ ፊልም የሚያሳይ አዳራሽ እንደ ልብ አልነበረማ። ሕዝቡ ወደደው፣ ግን የት ገብቶ ይየው? ወደ 60 ሺህ ሩፒ ወጥቶበት ወደ 24 ሺህ እንደተመለሰለት ነው የሚነገረው። ከሰረ ማለት ነው። ሻዩ ፊልሙን አበላው። ሁለተኛውን ፊልሙን ኢንድራማሎቲን በ1939 ሲሠራ ወጪውን በጣም ቀንሶ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የጨረሰው፤ ያ ፊልም እንደ መጀመሪያው አይወራለትም። አንድ ነገር ግን አለው። ውስጡ አንድ ትንሽ ልጅ አለ፣ ይዘፍናል። ጆቲ ፕራሳድ ቴዝፑር ላይ ድምፁን ሰምቶ ከጓደኛው ከቢሽኑ ራባ ጋር ሆኖ ካልካታ ወስዶ ያስቀረጸው ልጅ ነው። ያ ልጅ ቡፔን ሃዛሪካ ነው። አድጎ የአሳም ትልቁ ድምፃዊ ሆነ፣ ከሞተ በኋላ በ2019 ህንድ ትልቁን የክብር ሽልማቷን ሰጠችው። ስለዚህ ኢንድራማሎቲ ከሰረ አልልም።

አሁን ወደ አይዴው።

ልጅቷ ፊልሙን ጨርሳ መንደሯ ስትመለስ ተቀባይ አጣች። ጥፋቷ ምንድን ነው? ፊልሙ ውስጥ አንድ ባዕድ ወንድ "ባሌ" ብላ መጥራቷ ነው። በቃ። ሰዉ አገለላት፣ ቤተሰቧም ከመንደሩ ጋር ተቆራረጠ። ያኔ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ነበረች፤ ማንም ሳያገባት፣ ብቻዋን አርጅታ በ2002 ታኅሣሥ ውስጥ ሞተች። እንደነሱ ዲሴምበር ማለቴ ነው። በስተርጅናዋ መንግሥት አስታወሳትና ጡረታ ቆረጠላት፣ ጋዜጠኛም ይሄድ ጀመር፤ ከሞተች በኋላም በሕይወቷ ላይ ፊልም ተሠራ። እሷ ግን ሌላ ፊልም አልሠራችም። አንድ ብቻ። የአሳም የመጀመሪያዋ የፊልም ተዋናይት።

እኔ ጆቲ ፕራሳድን በጣም እወደዋለሁ። ሌላው ቀርቶ ከጻፋቸው ቲያትሮች አንዱን ብቻ ብታዪ ይበቃሻል፣ ካረንጋር ሊጊሪ ይባላል፣ የቤተ መንግሥቱ ገረድ ማለት ነው። ልዑሉ ማግባት አይፈልግም፣ እናቱ ግድ ትለዋለች፤ ያገባት ልጅ ደግሞ ልቧ ያለው ከሱ ጓደኛ ጋር ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ገረድ ልዑሉን በዝምታ ትወደዋለች። የቲያትሩን ስም ለልዑሉ መስጠት ይችል ነበር። ለገረዲቱ ሰጣት። የሴትን ዝምታ እንዲህ የሚያይ ሰው ነው። እንደዚያም ሆኖ ሒሳቡን ስታሰላው፣ እሱ ገንዘቡን ከሰረ፣ አይዴው ግን ዕድሜዋን ከሰረች። ለእሱ ሐውልት አለው፣ በስሙ ጉዋሃቲ ውስጥ የፊልም ስቱዲዮ አለ፣ የሞተበት ቀን በየዓመቱ የአርቲስቶች ቀን ተብሎ ይከበራል። ይገባዋልም። እሷን ወደ ካሜራ ያመጣት ሰው ግን ከካሜራው በኋላ ምን እንደሚደርስባት አስቦ ነበር ወይ? ማሰብ ነበረበት እላለሁ። ያገሩን ሰው ጠባይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ራሱ እኮ ነው "ከጨዋ ቤተሰብ" ብሎ ጋዜጣ ላይ ያወጣው፤ ያ ቃል ልጅቷን ምን ያህል እንደሚያስከፍላት ያኔ መታየት ነበረበት።

ለምን ይሄን ሁሉ እንደዘበዘብኩ ገብቶሻል መሰለኝ። የአክስትሽን ልጅ ለፊልምሽ ፈልገሻታል። "እማዬ፣ አንቺ ብትነግሪያት አክስቴ እሺ ትላለች" ብለሽ ልከሽብኛል። ልጅቷ ትችለዋለች፣ እሱን አልክድም። ባለፈው ፋሲካ መጥታ አያትሽን እያስመሰለች ስታወራ ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ሞቶ ነበር። ካሜራ ፊት ብትቆም እንደምታበራ እኔም አውቃለሁ። ግን ድርሰቱን አንብቤዋለሁ። ከባሏ ቤት ሌሊት የምትወጣ፣ ሌላ ወንድ ቤት የምታድር ልጅ ሆና ነው የምትጫወተው። አንቺ ያለሽው በርሊን ነው። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ላንቺ የሚመጣልሽ "ጎበዝ" ነው። እሷ ያለችው ደብረ ብርሃን ነው፤ እናቷ ገበያ ትወጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ እድር አላት። ዛሬ ደግሞ ሐሜት በሰው አፍ ብቻ አይዞርም፤ አንዱ ተነስቶ ከፊልሙ ላይ አሥር ሰከንድ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይለጥፈዋል፣ ከሥሩ የሚጻፈውን አንቺም እኔም እናውቀዋለን።

አትሥሪያት አላልኩሽም። እንዲያውም ሥሪያት ባይ ነኝ። ግን መርከብ ላሳይሽ ብለሽ እንዳትወስጃት። ድርሰቱን ሙሉውን ስጫት፣ ታንብበው። የምትፈራው ቦታ ካለ ትንገርሽ። ለአክስትሽ እኔ አልነግራትም፣ ራስሽ ደውለሽ ታሪኩን ከነሌሊቱ ንገሪያት። ብትቆጣ ተቆጥታ ትብረድ። ክፍያም ክፈያት፣ "ዘመድ ናት" አይባልም፤ ያ ሰውዬ እንኳ በ1930ዎቹ ክፍያ አለው ብሎ ነው ማስታወቂያ ያወጣው። ከዚያ ደግሞ ፊልሙ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አትጥፊባት። አንቺ ወደሚቀጥለው ሥራሽ ትሄጃለሽ፤ እሷ ግን እዚያው ሰፈር ነው የምትውለው።

የቀረውን ቶሎ ልንገርሽ፣ እጄም ደክሟል። በ1942 ህንድ ውስጥ እንግሊዝ ይውጣ የሚለው ትግል ሲነሳ ጆቲ ፕራሳድ እንደገና ገባበት፣ ፖሊስ ሲፈልገው ተደብቆ ኖረ። ከዚያ ዘመን ላቢታ የሚባል ቲያትር ወጣው፣ በ1948። ዋናዋ ልዕልት አይደለችም፣ ተራ የገጠር ልጅ ናት። ሚስቱም ሞተችበት። እሱም ካንሰር ይዞት ጃንዋሪ 17 ቀን 1951 ቴዝፑር ላይ አረፈ። ገና 47 ዓመቱ ነበር። አስቢው፣ ከእኔ እንኳ ስንት ዓመት ያንሳል።

ጆይሞቲ ራሱ ደግሞ ጠፍቶ ነበር። የመጀመሪያው ፊልማቸው፣ ያ ሁሉ የሙዝ ግንድ፣ ያ ሁሉ ድምፅ፣ የለም። ፊልም ያኔ በቶሎ የሚበላሽ፣ የሚቃጠል ነገር ነው፤ አሳም ደግሞ እርጥበቱ አይጣል ነው። በ1970ዎቹ ታናሽ ወንድሙ ጋራዥ ውስጥ የተጣለ ኮተት ሲያወጣ የተወሰኑ ጥቅልሎች አገኘ። ቡፔን ሃዛሪካ፣ ያ ትንሹ ዘፋኝ፣ በ1976 ስለ ጆቲ ፕራሳድ ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ እነዚህን ጥቅልሎች አስገባበት። በኋላም አልታፍ ማዚድ የሚባል የአሳም ፊልም ሠሪ ብዙ ለፍቶ አጸዳው፣ ጠጋገነው። ሙሉው ግን የለም፤ ግማሽ ያህሉ ነው የተረፈው። አንቺም ሥራሽን አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ አታስቀምጪ። ባለፈው ዓመት ላፕቶፕሽ ሲበላሽ ስንት ቀን እንዳለቀስሽ አልረሳሁትም። አንድ ኮፒ ለእኔ ላኪ፣ ሳጥኔ ውስጥ ከሠርግ ፎቶዬ ጋር አስቀምጠዋለሁ።

የተረፈውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጊና እዪው። ምስሉ ይዘላል፣ ይጨልማል፣ መሐል ላይ ይቆረጣል፣ ታገሺው። እንድታዪ የምፈልገው አነጋገራቸውን ነው። በዚያ ዘመን የህንድ ፊልም ተዋናይ እጁን ዘርግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ላለው ሰው ነው የሚናገረው፣ መድረክ ላይ ያለ ይመስለዋል። የጆቲ ፕራሳድ ሰዎች ግን ቀስ ብለው፣ ቤት ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚናገሩት፤ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ይላሉ። ቲያትር ጸሐፊ ሆኖ ካሜራ ፊት ቲያትር ያልሠራ ሰው እሱ ነው። ባቤልስበርግ ያየው ይሄን ሳይሆን አይቀርም።

ይሄን ያልኩሽ የአንቺ ድርሰት ውስጥ ያለችው እናት ስለምታሳስበኝ ነው። ልጇ ሌሊት ስትመለስ በሩን ከፍታ ገጽ ተኩል ሙሉ ስለ ክብር፣ ስለ ባህል፣ ስለ ትውልድ ታወራለች። የትኛዋ እናት ናት በሌሊት እንደዚያ የምታወራው? እኔ አንቺ ያመሸሽ ጊዜ ምን ብዬሽ አውቃለሁ? "እራት በላሽ?" ነው የምለው፣ ከዚያ ሁለት ቀን አኮርፋለሁ። ያን ሁሉ ንግግር አውጪው፣ በሩን ትክፈት፣ "እራት በላሽ?" ትበላት፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ትግባ።

እናትሽ